ክንዴ ረዘመና

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንዴት ነህ? ዘጠኝ ዓመት ጠፍቼ ዛሬ «ለጤናህ እንደምን አለህ» ብል ትስቅብኛለህ። ሳቅ፣ ይገባኛል።

የምጽፍልህ በመጨረሻዋ ልጄ ምክንያት ነው። ሰፈራችን ክራር የሚያስተምሩ ልጆች አሉ። ባለፈው ቅዳሜ ከዚያ ስትመለስ ከቁመቷ የማይተናነስ ነገር ተሸክማ መጣች። ቤዝ ክራር፣ ያ ድምፁ ወፍራም የሆነው ትልቁ ክራር! «ማን መረጠልሽ?» ስላት፣ «ክራሩን ሁሉም ተሻማበት። ይሄን የሚነካው ጠፋ። አሳዘነኝ» አለችኝ። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ከዚያ ቀበሌያችን ትዝ አለኝና ዝም አልኩ።

1976 ዓ.ም.፣ ለአሥረኛው የአብዮት በዓል ሽር ጉድ ሲባል ነበር። ለኪነት ቡድኑ መሣሪያ መጣ። መምህራችን፣ እኚያ የጦር ሠራዊት ባንድ ጡረተኛ፣ አሰልፈውን እንደ በሬ ገዢ ከንፈርና ጥርስ እያዩ ሲያልፉ አስታወስክ? ከንፈሩ ሳሳ ያለው ወደ ትራምፔት። የፊት ጥርሱ የወለቀው ወደ ከበሮ። እኔ ዓይኔ ያቺ ሳክስፎን ላይ ተተክሏል። እሳቸው ግን አጠገቤ ቆሙና «እጅህን ዘርጋ» አሉኝ። ዘረጋሁ። «ይሄ ሰባተኛዋ ላይ ይደርሳል!» ብለው ትሮምቦን አሸከሙኝ። ስላይዱ፣ ያ የሚሳበው ቱቦ፣ ሰባት ቦታ አለው፤ ክንዱ ያጠረ ልጅ መጨረሻዋ ላይ አይደርስም። በቃ፣ ክንዴ ረዘመና ጉርምስናዬን «ፑም ፑም» ስል ጨረስኩት። ሳክሷን ላንተ ሰጡህ። ለምን? ከኔ ቀጥለህ ስለቆምክ!

አንተ የምታመልከው ጌታቸው መኩሪያስ ቢሆን? የጀመረው በክራርና በማሲንቆ ነው። 1941 ዓ.ም. ገደማ የማዘጋጃ ቤት ባንድ ሲገባ ነው ነገሩ የተለወጠው። ክላርኔት፣ ከዚያም ሳክስፎን። ግን ሽለላውን ጥሎ አልሄደም፣ ይዞት ገባ። ያንን ፈረንጅ የሠራውን ብረት አስፎከረው። በፒያኖ የምናውቃቸው እማሆይ ጽጌ ማርያምም ልጅ ሆነው ስዊዘርላንድ የተማሩት ቫዮሊን ነበር። ዓለሙ አጋን ደግሞ ከበገና ያገናኛቸው ጉርብትና ነው፤ የበገና መምህሩ አለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ሰፈራቸው ባይመጡስ? ጎረቤትየው ልብስ ሰፊ ቢሆኑ ኖሮ ዛሬ ጥሩ ኮት ይሰፉልን ነበር ይሆናል።

እኔ ትሮምቦኑን የወደድኩት ቆይቼ ነው። አንድ ማታ አምባሰል ስለማመድ ስላይዱን ቀስ አድርጌ ሳብኩት። አለቀሰ። ልክ እንደ ማሲንቆ! ለካ ሁለቱም እዚህ ጋ ያዝ የሚል ምልክት የላቸውም። ድምፁን ራስህ ፈልገህ ነው የምታገኘው። ያን ለት ሮጬ ልነግርህ ነበር። ኩራት ያዘኝ። ሳክስ ለያዘ ሰው ምን ይነገረዋል?

አሁን ዋናው ነገር። ዋሽንግተን የገዛሃትን ሳክስ ለቤት ኪራይ ሸጥኳት ብለህ የደወልክ ቀን ስልኩን ዘጋሁብህ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎህ ደጋግመህ ደወልክ። አላነሳሁም። አንተ የሸጥከው የራስህን ዕቃ ነው። እኔ ግን የኔን የሸጥክብኝ መሰለኝ። ሠላሳ ዓመት ላለፈው ነገር፣ አስበው! በኪራይ ተጨንቀህ የደወልክ መሆንህ ትዝ ያለኝ በስንት ጊዜው ነው። ይቅርታ አድርግልኝ።

ልጅቷ ያቺን የመክፈቻ ማርሻችንን አምጣ ብላ ይዛኛለች። የኔን ክፍል አሳየኋት፣ ቤዝ ክራሯ ላይ በደንብ ተቀመጠላት። «ዜማውስ?» አለች። ዜማው ያንተ ነበር። ግማሹ ጠፍቶብኛል፣ ከሁለተኛው ዙር በኋላ ወዴት እንደሚታጠፍ አላውቀውም። ሳክስ አያስፈልግም። አፏጨውና በቴሌግራም ላክልኝ።

ያው ወንድምህ