ታናሹ መጨረሻ ነው የሚለብሰው

ደብረ ብርሃን፣ ታኅሣሥ፣ እሑድ ማታ

ይድረስ ለውድ እናቴ፣ መንዝ

እማዬ፣ እንደምን ከርመሽልኛል? እኔ ከናፍቆትሽና ከዚህ ውርጭ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ልጆቹም ደህና ናቸው። ይህን የሚያነብልሽ ታናሽ ወንድሜ መሆኑን ስለማውቅ አስቀድሜ ላስጠንቅቀው፤ ስለ እሱ የጻፍኩት ጋ ሲደርስ እንዳይዘል።

ዛሬም አረፈድን። ስምንት ነፍስ ነን እኮ፤ አምስቱ ልጆቼ፣ ለትምህርት ብላ እኛ ጋ የተቀመጠችው የእህቴ ልጅ፣ ባለቤቴና እኔ። ሥላሴ ከቤታችን በእግር ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው። አንቺ ዘጠኝ ልጅ ያን ሁሉ ዳገት አስወጥተሽ ኪዳን ሳይደርስ ታስገቢን ነበር።

የሆነውን ልንገርሽ። ስልኩን ለሌሊቱ 10 ሰዓት ሞላሁት። ማኅሌቱ በድምፅ ማጉያ ከዚያ በፊት ጀምሮ ይሰማል፤ ግን የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ውስጥ የገባ ልጅ በማኅሌት አይነሣም። ከተማችን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት ይላል የትልቋ ደብተር፤ እኔ ደብተር አላስፈለገኝም፣ ውጭ ያደረው የጀሪካን ውሃ ላዩ በረዶ ሠርቶ ነው ያገኘሁት። ምድጃው ላይ ጣድኩት፣ መብራት ጠፋ። ከሰል አያያዝኩ።

ከዚያ ትንሹን አለበስኩት። ሁለት ዓመቱ ነው፣ እሱን ቶሎ ብገላገል ይቀለኛል ብዬ። ነጭ በነጭ አድርጌው ሹሩባ ልሠራ ዞር አልኩ። ስመለስ የከሰሉ ማዳበሪያ ሥር ቁጭ ብሎ በሁለት እጁ እየዛቀ ነው። ጉንጩ፣ ነጠላው፣ ሁሉ ነገሩ ጠቁሯል። እንደገና አጥቤ እንደገና ሳለብሰው አራተኛው አንድ እግር ጫማው ጠፋው። ትልቋ ደግሞ ነጠላዬ የት አለ ትላለች። ቅዳሜ ማታ አጥባ ውጭ ገመድ ላይ አስጥታው አድሯል። ሳወርደው እንደ ቆርቆሮ ቀጥ ብሎ መጣ፤ እጅ የሌለው ሰው ተሸክሜ የገባሁ ነው የመሰለኝ። ከሰሉ ላይ ይዘን አላላነው፣ እየተንጠባጠበ ለበሰችው።

ባለቤቴ ይኼ ሁሉ ሲሆን ጋቢውን ለብሶ በር ላይ ቆሞ "አልደረሳችሁም?" ይላል። አባዬን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አስታወሰኝ። እሱም ዱላውን ይዞ ደጃፉ ላይ "ቃጭሉ ተመታ!" ይል ነበር እንጂ የአንዳችንን ቁልፍ እንኳ ቆልፎ አያውቅም።

ባጃጅ ሁለት ጊዜ ተመላለሰልን። በመንገድ ላይ ሦስተኛው፣ ያ ጠያቂው፣ ዘርዐ ያዕቆብ ከሰማይ ብርሃን ወርዶ ስላየ ነው ቤተ ክርስቲያኑን የተከለውና ስሙንም ደብረ ብርሃን ያለው ብዬ ስነግረው፣ "በስንት ሰዓት ነው የወረደው? እኛ አርፍደን ነበር?" አለኝ። ባለ ባጃጁ ሳቀ፣ እኔ አልሳቅሁም።

ስንደርስ ወንጌል ተነቦ አልቋል። እማዬ፣ ትልቋ ልትቆርብ ነበር። 18 ሰዓቱ እንዲሞላላት ብላ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ምንም አልቀመሰችም፤ ማታ ሽሮው ሲወጣ እንኳ ተነሥታ ሌላ ክፍል ገባች። ወንጌል ካለፈ መጥቶ መቁረብ እንደሌለ የንስሐ አባታችን ነግረዋታል። አላለቀሰችም። እርጥብ ነጠላዋን ይዛ ከሴቶቹ ኋላ ቆመች፣ ወደ እኔ አንድ ጊዜም አልዞረችም። ከቤት ከገባንም ወዲህ ሁለት ቃል ብቻ ነው ያናገረችኝ።

እኔም ትንሹን አዝዬ ቅጥሩ ውስጥ ጥድ ሥር ቆምኩ። እዚያ ቆሜ ነው አንቺ ትዝ ያልሽኝ። የእኛ አጥቢያ ጥድ ሥር ሁሌ አንቺ ነበርሽ የምትቆሚው። ልጅ ሆኜ ቦታሽ ይመስለኝ ነበር፤ ትሕትና ነው እል ነበር። ለካ እኛን ከአባዬ ጋር አስቀድመሽ፣ ላሟን አልበሽ፣ እሳቱን አዳፍነሽ፣ ይኼን የሚያነብልሽን ልጅ አዝለሽ ስትደርሺ ውስጡ ሞልቶ ነው። (አንብበው፣ አትዝለል! መንገድ ላይ ነበር የምታለብስህ፤ ቀሚስህን በትከሻዋ ይዛ ስትሮጥ አይቻለሁ።)

አሁን የቅዳሜ ማታሽን መላልሼ አስባለሁ። ውሃውን በገበቴ አድርገሽ እግራችንን ስታጥቢ ከታላቁ ነበር የምትጀምሪው፤ ታላቁ ከታጠበ በኋላ ተመልሶ ጭቃ አይገባም። ታናሹ መጨረሻ ነው፣ ያውም ተኝቶ እያለ። ልብሳችንን አጥፈሽ ከአጎዛው ሥር ታስገቢና እኛው ስንተኛበት ተተኩሶ ያድራል። ኮንጎ ጫማችንን ደጃፉ ላይ ጥንድ ጥንድ አድርገሽ ቆጥረሽ ነበር የምትተኚው። እኔ ካውያም የጫማ መደርደሪያም አለኝ፣ አልቆጠርኩም።

አንድ ነገር ግን ልናገር። ያን የሰኔ ሚካኤል አንድ እግር ጫማ ጠፍቶኝ "እንግዲህ ጥጃ ጠብቂ" ብለሽ ጥለሽኝ ሄደሻል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቂም ይዤብሽ ነበር። ዛሬ አራተኛውን "እንግዲህ ቅር" ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። በካልሲ አዝለነው ሄድን። ቂሙን ግማሹን ትቼልሻለሁ፤ ግማሹ ስትመጪ ነው።

ስትመጪ ያልኩት ለገና ነው። ቅዳሴው ሌሊት ስለሆነ ስምንታችንን በዚያ ብርድ ብቻዬን አላወጣም፣ ትልቋም ያን ሌሊት ነው ልቁረብ የምትለው። ከተክለ ሃይማኖት በፊት ድረሺልኝ፣ ወንድሜ መናኸሪያ ድረስ ይሸኝሽ። ምንም አትሸከሚ ብልሽ እንደማትሰሚ አውቃለሁና በሶ ብቻ ያዢ፤ ገብሱ ከዚህኛው ይሻላል።

ጫማው ማታ ተገኘ። ከከሰሉ ማዳበሪያ ውስጥ።

ልጅሽ