ላይኩን ለስንት አካፈልከው?

ይድረስ ለልጄ፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባትህም ሰላም ይልሃል።

በስልክ ያልከኝ ነገር ከሐሳቤ አልወጣ አለኝ። እንግዳ ወደ ዘጌ ገዳማት ስለሚያመላልሰው የአጎትህ ጀልባ የለጠፍከው ፖስት «ሞተ» አልከኝ። ጣና ላይ ጀምበር ስትጠልቅ ያነሳኸው ፎቶ ግን ላይክ በላይክ ሆነ። ስለዚህ ከእንግዲህ ጀምበር ብቻ ልትለጥፍ ነው። ቆይ፣ አትቸኩል።

ሁለቱንም ከፍቼ ኮሜንቱን አንድ በአንድ አነበብኩት። ጀምበሯ ሥር ያለው «ዋው»፣ «ባሕር ዳር የኔ ውብ» እና የልብ ምልክት ነው። ደስ ይላል። ጀልባው ሥር የጻፈው ሰው ጥቂት ነው። ግን የጻፉትን ተመልከት። አንዱ «ለአራት ሰው ስንት ነው? ማዕበል ካለስ?» ይላል። አንዷ ባሏን ጠርታ «ለፋሲካ እንሂድ» ብላዋለች። ሌላዋ «ክብራን ገብርኤል ገዳም ሴት ይገባል ወይ?» ብላ ጠይቃለች፤ እስካሁን የመለሰላት የለም። ክብራን ሴት እንደማይገባ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግን እንደሚገባ አንተ ታውቃለህ። ከአዲስ አበባ የምትመጣ ሰው ግን ከየት ታውቃለች? እነዚህ ሰዎች ልባቸው ተነስቷል። ለጀልባው ነዳጅ የሚሞሉት እነሱ ናቸው።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ፤ እኔ መቼም የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ላይክ፣ ኮሜንት፣ ሼርና ሴቭ ትደምራለህ። ድምሩን ፖስቱ ለደረሰው ሰው ብዛት ታካፍላለህ። በ100 ታባዛለህ። ይህ ፖስቱ ከደረሰው ከመቶ ሰው ስንት ምላሽ እንዳገኘ ይነግርሃል። እንበልና ጀምበሯ ለ20,000 ሰው ደርሳ ድምሩ 600 ሆነ፤ 3 በመቶ ነው። ጀልባው ለ800 ሰው ደርሶ ድምሩ 56 ሆነ፤ 7 በመቶ ነው። ታዲያ የሞተው የቱ ነው?

ዋናው ነገር አካፋዩ ነው። አንዳንዱ ለተከታዩ ቁጥር ያካፍላል፤ ይቻላል። ዛሬ በዚህ፣ ነገ በዚያ እያካፈሉ ማወዳደር ግን ራስን ማታለል ነው። የደረሰው ሰውና የታየበት ብዛትም አንድ አይደሉም። አንድ ሰው ሦስት ጊዜ ቢያየው ሦስት ዕይታ ነው፤ ሰውየው ግን አንድ ነው። ቴሌግራም ደግሞ ፎርዋርድ ተደርጎ የታየውንም ከዕይታው ጋር ይደምረዋል። ፌስቡክ እንኳ አካፋዩ ላይ ተሳስቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 እንዳመነው፣ ሰው ቪዲዮ የሚያይበትን አማካይ ጊዜ ሲያወጣ ከ3 ሰከንድ በታች አይተው ያለፉትን ከአካፋዩ አውጥቷቸው ነበር። አካፋዩ ሲያንስ አማካዩ አበጠ። ማስታወቂያ የሚያሠሩ ሰዎች ያንን ቁጥር አምነው ነበር።

ካካፈልክ በኋላም ሁሉን እኩል አትቁጠር። ላይክ በአውራ ጣት ይታለፋል። ሴቭ ያደረገ ሰው ሊመለስበት ነው። ሼር ያደረገ በራሱ ስም ለወዳጁ ልኮታል። ጥያቄ የጻፈ ደግሞ መልስ እየጠበቀ ነው።

አንድ ነገር ግን እለምንሃለሁ። የገዳማቱን ሥዕል ለጥፈህ «አሜን ሳትሉ አትለፉ» እንዳትል። ሌሎቹ ሲያደርጉት አያለሁ፤ ቁጥራቸውም ይጨምራል። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 እንዲህ ላይክና ሼር የሚለምኑ ፖስቶችን ወደ ታች እንደሚገፋ አስታውቋል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን እሱ አይደለም። ሰው ለእምነቱ ሲል የሚጽፈውን አሜን ለፔጅ ቁጥር ማዋል ያሳፍራል። ደግሞ ምን ይለካል? ሰዉ ኪዳነ ምሕረትን መውደዱን ነው እንጂ ጀልባውን መፈለጉን አይነግርህም።

ካለፉት ዓመታት ጋር ስታወዳድርም ተጠንቀቅ። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። የዚያን ጊዜ ቁጥር ወርዷል። እኛ የባሕር ዳር ሰዎች ግን ጠልተንህ አልነበረም። መንገዱም እንግዳውም እንዴት እንደነበር ታውቃለህ። ያንን ጊዜ ለብቻው አስቀምጠው።

ዝም ብለው የሚያዩም አሉ። አጎትህ አንድ ላይክ አድርጎ አያውቅም፤ የለጠፍከውን ሁሉ ግን ወደቡ ላይ ስልኩን ይዞ ለሰው ያሳያል። ይህ የትም አይቆጠርም። ስለዚህ ደብተር ገዝቼ ሰጥቼዋለሁ። ለደወለ ሰው ሁሉ «ከየት ሰምተው ነው?» ብሎ ይጠይቅና ይጽፋል። ጽሑፉ እንደምታውቀው አይነበብም፤ እኔ እገለብጠዋለሁ። ያን ጊዜ የትኛው ፖስት ስንት ሰው ጀልባ ላይ እንዳሳፈረ በደንብ እናያለን።

አንተ ደግሞ የእያንዳንዱን ፖስት ቁጥር፣ ለስንት ሰው እንደደረሰ ጭምር፣ በቴሌግራም ላክልኝ። ቡስት ያደረግከውን ለይተህ ጻፍልኝ፤ በገንዘብ የደረሰውንና በራሱ የደረሰውን አንድ ላይ አላካፍልም። ቅዳሜ ትምህርት ስለሌለ ቁጭ ብዬ እሠራዋለሁ።

እናትህ፣
ከባሕር ዳር