የኪነ ጥበብ ክበባትን በሚመለከት ለወላጆችና ለአሳዳጊዎች የተላከ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የተማሪዎቻችን ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ውጤት ከተሰጠ ወዲህ ከመካከላችሁ በርከት ያላችሁ ወደ ቢሮዬ እየመጣችሁ፣ የልጃችሁ ስም ከሥዕል፣ ከቴአትር ወይም ከሙዚቃ ክበብ እንዲሰረዝ ጠይቃችሁኛል። የሁላችሁም ምክንያት ተቀራራቢ ነው፤ የሒሳቡ ወይም የሳይንሱ ውጤት ዝቅ ስላለ በክበብ የሚያሳልፈውን ጊዜ ለጥናት ያውለው የሚል ነው። ጥያቄው ለልጅ ከማሰብ የመጣ መሆኑን አልጠራጠርም። እንዲያውም እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት ያንኑ ውሳኔ በአንድ የክፍል ደረጃ ተማሪዎች ሁሉ ላይ ወስኜ አውቃለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ያ ውሳኔ ያስከተለውን ልነግራችሁ፣ በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ምን እንደተዘጋጀ ላሳውቃችሁና አንድ ነገር ልጠይቃችሁ ነው። ጥያቄዬን ከወዲሁ ልናገር፦ እባካችሁ የክበቡን ሰዓት መቅጫ አታድርጉት፤ መደለያም አታድርጉት።

ያኔ የማጠቃለያ ፈተና ሲቃረብ የ8ኛ ክፍል ተማሪዎችን የሥዕልና የሙዚቃ ክፍለ ጊዜ ሰርዤ በማጠናከሪያ ትምህርት ተካሁት፤ የቴአትር ክበቡንም እስከ ፈተናው ማግስት ዘጋሁት። ውጤቱ ሲመጣ ከቀደሙት ዓመታት የሚለይ ነገር አላገኘሁበትም። የተለየው የስም መጥሪያው መዝገብ ነበር። የክበብ ቀን በነበሩት ከሰዓት በኋላዎች የሚቀሩ ተማሪዎች ቁጥር ጨመረ፤ ከእነርሱም አንዱ ለመድረኩ ጀርባ የሚሆነውን ጣውላ እየለካ የሚቆርጠውና የሚያቆመው ልጅ ነበር። ይህ ልጅ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ስለ ክፍልፋይ ሲጠየቅ አንገቱን ይደፋል፤ መድረክ ላይ ግን ሦስት አራተኛውን ከሁለት ሦስተኛው ጋር እያስተያየ መጋረጃ ያሰናዳ ነበር። የሒሳብ መምህሩ ይህን የሰማው እኔ ክበቡን ከዘጋሁት በኋላ ነው። ለሒሳቡ ስል የዘጋሁት ቦታ ልጁ ወዶና ፈቅዶ ሒሳብ የሚሠራበት ብቸኛው ቦታ እንደነበር የተረዳሁት ያን ጊዜ ነበር።

ይህን ስል ግን ክበባቱን ለመከላከል ብዬ ያልተረጋገጠ ነገር ልሸጥላችሁ አልፈልግም። ሞዛርትን የሚሰማ ሕፃን አእምሮው ይሰላል የሚለውን አባባል ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁታል። የአባባሉ መነሻ እ.ኤ.አ. በ1993 በካሊፎርኒያ የተካሄደ አንድ አነስተኛ ጥናት ሲሆን፣ የተሳተፉበትም 36 የኮሌጅ ተማሪዎች እንጂ ሕፃናት አልነበሩም፤ ለ10 ደቂቃ ሙዚቃውን ሰምተው በቅርጽና በአቀማመጥ ላይ ባተኮረ ፈተና ያሳዩት መሻሻልም ከሩብ ሰዓት የዘለለ ዕድሜ አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ2000 ኤለን ዊነርና ሎይስ ሄትላንድ የተባሉ ተመራማሪዎች የግማሽ ምዕተ ዓመት ጥናቶችን ሰብስበው ሲመረምሩ፣ ኪነ ጥበብ መማር በጠቅላላው የሌሎች ትምህርቶችን ውጤት ከፍ ያደርጋል ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ አላገኙም። በግልጽ ካገኟቸው ጥቂት ግንኙነቶች አንዱ በክፍል ውስጥ የሚደረግ ድራማ የልጆችን የቋንቋ ችሎታ የሚያዳብር መሆኑ ነው። ስለዚህ ልጄ ፒያኖ ብትማር ፊዚክሷ ይሻሻላል ብሎ የሚጠይቀኝ ወላጅ ቢኖር፣ መልሴ አይሻሻልም ባይሆንም እንደሚሻሻል ቃል አልገባም የሚል ነው።

ቃል ልገባበት የምደፍረው ሌላ ነው። በአሜሪካ የሂዩስተን ከተማ 42 ትምህርት ቤቶች በዕጣ በሁለት ተከፍለው፣ አንደኛው ወገን ከከተማዋ የኪነ ጥበብ ተቋማትና ባለሙያዎች ጋር በሰፊው እንዲሠራ ተደርጎ ነበር። ከ10,000 በላይ ተማሪዎች የተካተቱበት ይህ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ ሲሆን፣ ዕድሉን ባገኙት ትምህርት ቤቶች ለዲሲፕሊን ቅጣት የሚያበቃ ጥፋት የፈጸሙ ተማሪዎች ድርሻ በ3.6 መቶኛ ነጥብ ዝቅ ብሎ፣ የጽሑፍ ፈተና ውጤት ተሻሽሎና ተማሪዎች ለሌላው ሰው ያላቸው አዘኔታ ጨምሮ ተገኝቷል። በሒሳብና በሳይንስ የጎላ ለውጥ አልታየም። ይህን የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ብዙዎች ያልፉታል፤ እኔ ግን ለእናንተ ጥያቄ ትክክለኛው መልስ እርሱ ይመስለኛል፤ ለኪነ ጥበብ የተሰጠው ሰዓት ከሒሳቡ አልቀነሰምና።

አሁን ወደ ሽልማቱ ልመለስ። «ሒሳብ ከ80 በላይ ካመጣህ ወደ ሥዕል ክበብ ትመለሳለህ» የምትሉ ወላጆች አላችሁ፤ «በየቀኑ ብትለማመጂ ስልክ እገዛልሻለሁ» የምትሉም አላችሁ። ሁለቱም ከአንድ ስሕተት የሚመነጩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1973 ማርክ ሌፐር፣ ዴቪድ ግሪንና ሪቻርድ ኒስቤት ሥዕል መሣል የሚወዱ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆችን በሦስት ቡድን ከፍለው ነበር። የመጀመሪያዎቹ ብትሥሉ ያሸበረቀ የምስክር ወረቀት እንሰጣችኋለን ተባሉ፤ ሁለተኛዎቹ ሳይነገራቸው ከሣሉ በኋላ በድንገት ተሸለሙ፤ ሦስተኛዎቹ ምንም አላገኙም። ከአንድና ሁለት ሳምንት በኋላ ቀለሙ እንደገና ሲቀርብላቸው፣ ሽልማት ተስፋ ተሰጥቷቸው የነበሩት ልጆች ለሥዕል ያዋሉት ጊዜ የሌሎቹን ግማሽ ያህል ብቻ ሆነ። ይወዱት የነበረው ነገር በዋጋ የሚሠሩት ሥራ ሆነባቸው ማለት ነው። እኛም በትምህርት ቤቱ በየዓመቱ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ለሚወጡ ሥዕሎች እንሰጥ የነበረውን ሽልማት ዘንድሮ ያስቀረነው በዚህ ምክንያት ነው፤ የሣለ ሁሉ ሥራው በኮሪደሩ ላይ ይሰቀልለታል።

በቤት ውስጥ ስላለው ነገር ጥቂት ልጨምር፤ በእኔ ግምት የልጅ የኪነ ጥበብ ፍላጎት ከሚጠፋባቸው ቦታዎች ዋናው የእኛው አስተያየት ነውና። እስከ 8 ዓመት ገደማ ድረስ ልጆች ያለ ምንም ስጋት ይሥላሉ፤ ሰማዩን ከወረቀቱ ጫፍ ላይ ያሰምሩታል፣ እናትን ከቤቱ አስበልጠው ያቆሟታል፣ ምንም አይመስላቸውም። ከ9 እስከ 12 ዓመት ባለው ጊዜ ግን የሣሉትን ከእውነተኛው ነገር ጋር ማወዳደር ይጀምራሉ፤ እጃቸው ዓይናቸው ያየውን ያህል ስለማይታዘዝላቸውም «እኔ ሥዕል አልችልም» ብለው እርሳሱን ያስቀምጣሉ። ከአዋቂዎች ብዙዎቻችን መሣል ያቆምነው በዚያው ዕድሜ ነው፤ የብዙዎቻችን የሰው ሥዕል ዛሬም የ10 ዓመት ልጅ ሥዕል የሚመስለው ለዚህ ይመስለኛል። በዚህ ጊዜ ልጁ የሚያስፈልገው «በጣም ጎበዝ» የሚል ውዳሴ አይደለም፤ ውዳሴው እውነት እንዳልሆነ እርሱም ያውቃል። የሚያስፈልገው ጥላ እንዴት እንደሚወድቅ፣ ራቅ ያለው ለምን እንደሚያንስ የሚያሳየው መምህርና ያለ ችኮላ የሚመለከት ወላጅ ነው። «ይሄ ምንድን ነው?» ብላችሁ ከምትጠይቁት «ይህችን ጥግ ለምን በጥቁር ሠራሃት?» ብትሉት ብዙ ያጫውታችኋል። ልጃችሁ የጻፈችውን ግጥም ስታሳያችሁም የፊደል ግድፈቱን ለሌላ ቀን አቆዩላት።

በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ክበባቱ ማክሰኞና ሐሙስ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ለ90 ደቂቃ ይካሄዳሉ። የተዘጋጁት የሥዕልና የሸክላ ሥራ፣ የቴአትር፣ የሙዚቃ እንዲሁም የፈጠራ ጽሑፍ ክበባት ናቸው። ለመግባት የችሎታ ፈተና አይሰጥም፤ የክፍል ውጤትም መስፈርት አይሆንም። ይህ የእኛ ቸርነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1989 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ ያጸደቀው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 31 ልጅ በባህላዊ ሕይወትና በኪነ ጥበብ የመሳተፍ መብት እንዳለው ደንግጎ፣ ዕድሉም በእኩልነት እንዲሰጥ ያሳስባል፤ በውጤት ማነስ የሚነጠቅ መብት ስለመሆኑ አንድም ቃል የለበትም። የሙዚቃ መሣሪያ ለመግዛት አትቸኩሉ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በድምፅ፣ በእጅ ጭብጨባና ትምህርት ቤቱ ባሉት መሣሪያዎች ምትና ዜማ የሚለመድባቸው ናቸው፤ ልጅ ደግሞ በወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ምርጫውን ሊቀይር ይችላል። በቴአትር ክበብ መድረክ ላይ መውጣት የሚከብደው ልጅ በመብራት፣ በአልባሳት ወይም ቃለ ተውኔቱን ይዞ ለተዋንያን በማስታወስ መሥራት ይችላል። የመስማት ወይም የመንቀሳቀስ ችግር ያለበት ልጅ ካላችሁ የልምምዱን አካሄድ ከእናንተ ጋር ተመካክረን ስለምናስተካክል አስቀድማችሁ ንገሩን።

ትምህርት ቤት ብቻውን የማይሞላው ነገርም አለ። በሳምንት ሁለት ከሰዓት በኋላ አጭር ናቸው፤ የዕረፍት ወራትም ረጅም ናቸው። በየአካባቢያችሁ ያሉ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት፣ የወጣት ማዕከላትና የአማተር ቴአትር ቡድኖች ልጆችን በደስታ የሚቀበሉበት ጊዜ ብዙ ነው፤ የሚጠብቁትም አንድ ወላጅ መጥቶ እንዲጠይቃቸው ነው። ለመጀመር ትልቅ አዳራሽ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1975 በቬኔዝዌላ ዋና ከተማ በካራካስ ሆሴ አንቶኒዮ አብሬው የተባለው ሙዚቀኛና የምጣኔ ሀብት ባለሙያ የወጣቶች ኦርኬስትራ ሲጀምር፣ ለመጀመሪያው ልምምድ በአንድ ጋራዥ የተገኙት ወጣቶች 11 ብቻ ነበሩ፤ ኋላ ላይ ያ ጅምር በመቶ ሺሕ ለሚቆጠሩ ልጆች ተዳርሷል። ከእናንተም መካከል ፎቶ ማንሳት፣ ልብስ መስፋት፣ እንጨት መሥራት ወይም ታሪክ መተረክ የምትችሉ አላችሁና፣ በወር አንድ ከሰዓት በኋላ ልትሰጡን ብትችሉ ቦታው አለን።

ከትምህርት ቤት ውጪ ወዳለ ቡድን ልጅ ስትልኩ ግን ጠያቂ ሁኑ። ኃላፊው ማን እንደሆነ፣ ልጆቹ ከአንድ አዋቂ ጋር ለብቻቸው በዝግ ክፍል የሚቆዩበት አጋጣሚ መኖር አለመኖሩን፣ ልምምዱ ስንት ሰዓት አልቆ ማን እንደሚያደርሳቸው፣ የልጆቹ ፎቶና ቪዲዮ የት እንደሚለጠፍ ሳትጠይቁ አትመዝግቡ። ወላጅ ገብቶ ልምምድ እንዳያይ የሚከለክል ቡድን ካጋጠማችሁ ልጃችሁን ይዛችሁ ተመለሱ። በእኛም ክበባት ቢሆን በማንኛውም ልምምድ ሳታሳውቁ ገብታችሁ ከኋላ መቀመጥ ትችላላችሁ፤ የልጆች ፎቶ ያለ ጽሑፍ ፈቃዳችሁ ከትምህርት ቤቱ አይወጣም።

ውጤቱ ያሳሰባችሁን ልጅ ጉዳይ ችላ እንድትሉ አልጠየቅሁም። የማጠናከሪያ ትምህርቱ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ እንዲሆን የተደረገው ከክበባቱ ጋር እንዳይጋጭ ሲሆን፣ ሁለቱንም የሚከታተል ልጅ የደከመ መስሎ ከታያችሁ ከክፍል ኃላፊ መምህሩ ጋር ተቀምጠን ከየትኛው እንደሚቀነስ ልጁ ባለበት እንወስናለን። ስማቸው እንዲሰረዝ የጠየቃችሁባቸውን ተማሪዎች እስካሁን ከመዝገብ አላወጣኋቸውም፤ ይህን ካነበባችሁ በኋላም ሐሳባችሁ ካልተለወጠ ውሳኔያችሁን አከብራለሁ።

ከደብዳቤው ጋር የተያያዘውን ቅጽ ልጃችሁ ራሱ ምርጫውን እንዲሞላበት አድርጋችሁ፣ ከሥር ፈርማችሁበት እስከሚቀጥለው ዓርብ ለክፍል ኃላፊ መምህሩ እንዲደርስ እጠይቃለሁ። ልታነጋግሩኝ የምትፈልጉ ከሰኞ እስከ ረቡዕ ጠዋት በቢሮዬ ታገኙኛላችሁ።

ከከበረ ሰላምታ ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር