መቅደሱ መቼ ክብ ሆኖ ያውቃል?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ ቤተ ክርስቲያን አሠራር ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤ ዝም ማለት አቃተኝ። ጸሐፊው «የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ክብ ነው፤ አራት ማዕዘኑ የፈረንጅ ነው» ብለው ደምድመዋል። ምን እንዳናደዳቸው ይገባኛል። በየቦታው የሚቆመው የሲሚንቶ ክምር እኔንም አንገሽግሾኛል። ታሪኩን ግን ገልብጠውታል።

ክቡ እኛ ዘንድ በብዛት የተስፋፋው ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩትን እንይ። ትግራይ ያለው የደብረ ዳሞ ገዳም ቤተ ክርስቲያን አራት ማዕዘን ነው። ላስታ ያለው የይምርሃነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንም እንደዚያው። የላሊበላው ቤተ መድኃኔ ዓለም ርዝመቱ 33 ሜትር ግድም ሲሆን፣ አራት ረድፍ ዓምዶች ውስጡን በርዝመቱ አምስት ቦታ ይከፍሉታል። ቤተ ጊዮርጊስ ደግሞ መስቀል ነው። ክቡ የታለ?

ይምርሃነ ክርስቶስ ዋሻ ውስጥ ነው የተሠራው። ግድግዳው አንድ ረድፍ ጠቆር ያለ እንጨት፣ አንድ ረድፍ ነጭ ልስን እየሆነ እስከ ላይ ይሄዳል። ደብረ ዳሞ ላይ ግድግዳውን ለማያያዝ የገቡት አጫጭር እንጨቶች ጫፋቸው ወደ ውጭ ብቅ ብሎ ይታያል፤ «የዝንጀሮ ራስ» ይባላሉ። አሁን ወደ አክሱም ሐውልቶች ሂዱ። ያው የዝንጀሮ ራስ አለት ላይ ተቀርጿል! አንድ ወጥ ድንጋይ ማያያዣ እንጨት ምን ያደርግለታል? ምንም። ጠራቢዎቹ የሚያውቁትን ቤት ነው የቀረጹት፣ ሐውልቶቹ ደግሞ ከክርስትና በፊት የነበሩ ናቸው። እና ይሄ ነው የፈረንጅ?

እርግጥ ረጅሙ አዳራሽ ከውጭ ጋር ምንም ንክኪ የለውም አልልም። ሮማውያን ባሲሊካ የሚሉት ቤት ችሎት የሚቀመጡበትና የሚነግዱበት ነበር። በአረማዊው ቤተ መቅደስ ሕዝቡ ውስጥ አይሰበሰብም፤ መሥዋዕቱ የሚቀርበው ደጅ ላይ ነው። ክርስቲያኑ ግን ከጣራ ሥር ተሰብስቦ ይቀድሳል። ስለዚህ በቆስጠንጢኖስ ዘመን ሰፊ ቤት ሲፈለግ የተወሰደው የችሎቱ አዳራሽ ነው። ፈረንጁም ከዳኛ ነው የተዋሰው ማለት ነው። ክብ ቢሉም፣ ኢየሩሳሌም በጌታ መቃብር ዙሪያ የቆመው ክብ ሕንጻ ሥሩ 4ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ይወርዳል። በቅርጽ ከሆነ ማንም የብቻዬ ነው ማለት አይችልም።

ለነገሩ ክብ ቤተ ክርስቲያን ገብታችሁ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? መዘምራኑ የሚቆሙበት ቅኔ ማኅሌት ይዞራል፣ ምእመናኑ የሚቆርቡበት ቅድስት ይዞራል፣ መሐል ላይ ያለው መቅደስ ግን አብዛኛውን ጊዜ አራት ማዕዘን ነው። በረጅሙ ቤት ደግሞ ሦስቱ ክፍሎች ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይከታተላሉ። ዙሪያውን ቢሆኑም ቢሰለፉም፣ ክፍሎቹ እነዚያው ናቸው።

ጉልላት ለሚወዱ የሕንጻ አሠሪ ኮሚቴዎችም አንድ ነገር ልበል። የጥንቷ የቁስጥንጥንያ ቤተ ክርስቲያን፣ የሐጊያ ሶፊያ ጉልላት ወደ 31 ሜትር ይሰፋል። በ537 እ.ኤ.አ. ተመርቃ በ558 ጉልላቱ ተደረመሰ፣ ከዚያ ከፍ አድርገው እንደገና ሠሩት። የዘመኑ ምርጥ መሐንዲሶች እንኳ ተሳስተዋል። እኛ ግን በኮንትራክተር ንድፍ አንዱን አፍርሰን ሌላውን እንገትራለን።

የኔ ቅሬታ ቅርጹ ላይ አይደለም፣ አፈራረሱ ላይ ነው። የአጥቢያችን አሮጌ ክብ ቤተ ክርስቲያን ሲፈርስ ሜትር ይዞ የለካው ሰው አልነበረም። የመቅደሱ ሥዕል ጨርቅ ላይ ተሥሎ የተለጠፈ ስለነበር ቀስ ተብሎ ቢላጥ ይተርፍ ነበር። ግማሹ ከነልስኑ ወረደ። አዲሱ ቤት ያብረቀርቃል፣ ምንም አይልም፤ ግን ከበሮ ሲመታ ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ ሊቃውንቱ እርስ በርስ አይደማመጡም። ጋዜጣችሁ ስለ ክብና አራት ማዕዘን ከሚያከራክረን፣ ሳይፈርስ በፊት ማን ይለካል፣ ማን ፎቶ ያነሣል፣ ማንስ ይፈቅዳል የሚለውን ቢጠይቅልን ደስ ይለኛል።

ከአሮጌው የተረፈው አንድ በር ነው። ከአንድ ግንድ የወጣ ወፍራም ሳንቃ፣ የመጥረቢያው ምልክት ሳይቀር የሚታይበት። አሁን ከዕቃ ቤቱ ጀርባ ዝናብ ላይ ቆሟል። ባለፈው እሑድ ሳየው የሲሚንቶ ከረጢት ተደግፎበት ነበር።

አንድ አንባቢያችሁ