የሳይንስና ቴክኖሎጂ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ ከመስመሩ ጫፍ የሚመጣ ኃይል

ክበባችን በዚህ ዓመት 23 አባላትን ይዞ ዘወትር ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሲገናኝ ቆይቷል። የዓመቱን ርዕስ የሰጠችን አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ በየቤቱ ጣሪያ የፀሐይ ፓኔል ተተክሎ ትርፉ ወደ መስመር ቢለቀቅ መስመሩ ይችለዋል ወይ ስትል ጠየቀች።

የማከፋፈያ መስመር የተሠራው ኃይል በ15 ወይም በ33 ኪሎ ቮልት መጥቶ፣ በሰፈሩ ትራንስፎርመር ወደ 380 እና 220 ቮልት ወርዶ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ወደ ተጠቃሚው እንዲፈስ ታስቦ ነው። ፓኔሎች ሲበዙ ምን እንደሚለወጥ ለማየት በ4 ሜትር ሳንቃ ላይ ቀጭን ሽቦ ዘርግተን በአንዱ ጫፍ የ12 ቮልት ባትሪ፣ በሌላው ፓኔልና ሦስት የሞተር ብስክሌት አምፖሎች አሰርን። ፓኔሉ ተሸፍኖ አምፖሎቹ ሲበሩ ጫፉ ላይ 11 ቮልት ተነበበ። እኩለ ቀን ላይ አምፖሎቹን አጥፍተን ፓኔሉን ስንገልጠው ግን ቮልቴጁ 13.3 ደረሰ፤ የአምፔር መለኪያው መርፌም ዜሮን አልፎ ወደ ግራ ዞረ፤ ኃይሉ ወደ ባትሪው ተመልሶ እየፈሰሰ ነበርና። ልጆቹ ትንፋሻቸውን ውጠው ያዩት ይህ መርፌ ከብዙ ሳምንት ገለጻዬ የበለጠ አስተምሯል።

ቮልቴጁ በመስመሩ ጫፍ እንዲህ እንዳይንር ምን ይደረግ በሚለው ላይ ረጅም ክርክር ተደረገ። አንዳንዶች ቅርባችን ያለው የግልገል ጊቤ የኃይል ማመንጫ ግድብ ቀን ውኃውን ይዞ ማታ ይልቀቅ አሉ። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የዚህ ጣቢያ ውኃ በ26 ኪሎ ሜትር ዋሻ አልፎ 420 ሜጋ ዋት ያለውን ጊቤ ሁለትንም ያንቀሳቅሳልና፣ የተቆጠበው ውኃ ሁለት ጊዜ ያገለግላል። ሆኖም ግድቡ የአገሪቱን ፍላጎትና አቅርቦት ያመጣጥናል እንጂ በአንድ ሰፈር ጫፍ ላይ የናረውን ቮልቴጅ አያወርድም። ለዚያ ኢንቨርተሩ (የፓኔሉን ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ወደ መስመሩ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው መሣሪያ) የሚለቀውን ኃይል እንዲቀንስ ማድረግ፣ ትርፉን በባትሪ መያዝ ወይም የውኃ ፓምፕን የመሰለውን ሥራ ወደ እኩለ ቀን ማዛወር ያስፈልጋል። እኔ በበኩሌ የመጨረሻውን አስቀድማለሁ፤ የተመረተው ኃይል እዚያው ሥራ ላይ ይውላልና።

በግንቦት ወር ለወላጆች ባቀረብነው ማሳያ ላይ አንድ አባት መብራት ሲጠፋ ከመስመር ጋር የተያያዘ ሶላር ለምን አብሮ እንዲጠፋ እንደሚደረግ ጠየቁ። ያችው ተማሪ ባትሪውን ነቀለችና መለኪያውን በተነቀለው ሽቦ ላይ አሳረፈች፤ 18 ቮልት አነበበ። «አባባ፣ መስመር ጠጋኙ ኃይል የለውም ብሎ የሚይዘው ይህንን ሽቦ ነው» አለቻቸው።