ይድረስ ለሚጣ፤ ስለ ላክሽልኝ ጎራዴ

ይድረስ ለልጄ ለሚጣ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኔም እናትሽም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አዳማ እንደምታውቂያት ናት፤ ቀን ሙቀቱ፣ ማታ ንፋሱ። በቴሌግራም የላክሽልኝን ሦስት ፎቶ፣ የጎራዴውን፣ የሾተሉንና የቢላውን፣ ወንድምሽ እያሰፋ አሳይቶኛል። ደውዬ ልነግርሽ አስቤ ነበር። አንቺ ግን ሥራ ላይ ነኝ እያልሽ ሁለት ደቂቃ አትሰጪኝም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት፤ በምሳ ሰዓትሽ ታነቢዋለሽ።

“አባዬ፣ ከነዚህ የትኛው ዋጋ ያወጣል?” ነው ያልሽው። ይሄን ግዢ፣ ያንን ተዪ ብዬ ብቻ ብተወው ሥጋ ሰጥቶ ቢላ መንሳት ይሆንብኛል። አሮጌ ስለት ገዝተሽ ልትነግጂ ካሰብሽ በምን እንደሚለይም ማወቅ አለብሽ።

በጎራዴው ልጀምር። ሻጩ “የአድዋ ነው፤ ቅድመ አያቴ የዘመቱበት ነው” ብሎሻል። ሊሆን ይችላል። ግን ልብ በይ፣ በዚህ አገር ለሽያጭ የሚወጣ ጎራዴ ሁሉ አድዋ ዘምቷል። ዶጋሊ የዋለ፣ ማይጨው የዋለ አንድም አይገኝም! ስለዚህ ወሬውን ለባለቤቱ ተይለትና ብረቱን እዪ።

ስለቱ ላይ ዘውድ የደፋ አንበሳ አለ፤ ከጎኑም አማርኛ ተጽፎበታል። አንቺም “የአገር ቤት ሥራ መሆኑ በዚህ ይታወቃል” ብለሻል። አይታወቅም። በምኒልክ ዘመንም ከዚያ በኋላም እንዲህ ያለ ስለት በትእዛዝ አውሮፓ እየተሠራ ይመጣ ነበር። በተለይ ዞሊንገን ከምትባለው የጀርመን የቢላና የጎራዴ ከተማ። አንበሳውም ጽሑፉም እዚያው ፋብሪካ በአሲድ ተበልቶ የወጣ ነው። እጀታውና አፎቱ ግን ብዙውን ጊዜ የእኛ ሰው ሥራ ነው። ይህ ዋጋውን አያወርደውም። አንቺ ራስሽ ለገዢ “በአገር ቤት የተቀጠቀጠ” ብለሽ እንዳትሸጪ ብዬ ነው።

ዘመኑን ለማወቅ የስለቱን ሥር፣ ወደ እጀታው የሚጠጋውን ስንዝር የማይሞላ ቦታ፣ አጥርተሽ ፎቶ አንሺልኝ። ፋብሪካ ስሙን የሚመታው እዚያ ነው። የላክሽው ላይ እዚያ ቦታ የሻጩ አውራ ጣት አርፎበታል። እንዲያው በአጋጣሚ ነው እንበል።

“ሜድ ኢን ጀርመኒ” የሚል ካገኘሽ አንድ ነገር ያዢ። ይህ ጽሑፍ የተለመደው እንግሊዞች በፈረንጆቹ 1887 ወደ ገበያቸው በሚገባ የውጭ ዕቃ ላይ ሕግ ካወጡ በኋላ ነው። የአድዋ ጦርነት በእኛ 1888፣ በፈረንጆቹ 1896 ነው። ስለዚህ ጽሑፉ ያለበት ጎራዴ አድዋ ሊዘምት ይችላል። የቴዎድሮስ ዘመን ነው የሚልሽ ግን እየሸወደሽ ነው። “ዌስት ጀርመኒ” ካለ ደግሞ ከፈረንጆቹ 1949 ወዲህ ነው፤ ከዚያ በፊት ምዕራብ ጀርመን የሚባል አገር አልነበረም። “ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ” የሚል ካለበት ንጉሡ ዘውድ ከጫኑበት ከ1923 ዓ.ም. ወዲህ። “ስቴንለስ”፣ “ኢኖክስ” ወይም “ሮስትፍራይ” የሚል ካለበትማ አድዋን እርሺው። የማይዝገው የቢላ ብረት እንግሊዝ አገር ሼፊልድ ውስጥ የተገኘው በፈረንጆቹ 1913 ነው። አጼ ምኒልክ ያረፉትም በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ነው።

ቀጥሎ አንበሳውን በጣም አስጠግተሽ እዪው። አሮጌ ብረት ዝገት እየበላው ትንንሽ ጉድጓድ ያወጣል። አንበሳው ከድሮም የነበረ ከሆነ ጉድጓዱ እሱንም ይበላዋል፤ መዳፉ ጋ ወይም ጎፈሩ ላይ ይቋረጣል። አፎት የሚነካካውም ቦታ ይደበዝዛል። ዙሪያው ሁሉ ተበልቶ አንበሳው ብቻ ቁልጭ ብሎ ከታየሽ ትናንት የተሳለ ነው። ዝገቱም ራሱ ይናገራል። የቆየ ዝገት ጥቁር ቡናማ ነው፤ ብረቱን ሙጭጭ ይላል። ብርቱካናማ ሆኖ ጣትሽ ላይ ዱቄት የሚተው ከሆነ በአሲድ ወይም በጨው ውሃ የተጣደፈ ሰው ሥራ ነው።

መሐሉ ላይ የሚሄደውን ቦይ ሻጩ “የደም መውረጃ” ብሎ ሊያስፈራራሽ ይችላል። ከደም ጋር ግንኙነት የለውም። የስለቱን ጥንካሬ ብዙም ሳይቀንስ ክብደቱን ያቀልለታል፣ በቃ።

እጀታው ግን አሳስቦኛል። የጎራዴ እጀታ ከድሮ ጀምሮ ከአውራሪስ ቀንድ ይሠራ ነበር። የላም ቀንድ ውስጡ ክፍት ነው፤ የአውራሪስ ግን ድፍን ነው። ጫፉ የተቆረጠበትን ቦታ በማጉያ ብታዪው ደቃቅ ነጠብጣብ ታያለሽ፤ እንደ ፀጉር ሆኖ የበቀለ ነገር ስለሆነ ነው። የዚህ ቀንድ ዓለም አቀፍ ንግድ የተከለከለ ነው። ቅርስ ደግሞ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ተደንግጓል። ውጭ ያለችው ጓደኛሽ “ላኪልኝ፣ እኔ እሸጠዋለሁ” እንዳለችሽ እናትሽ ነግራኛለች። እንዳትሞክሪው። ኤርፖርት ላይ የሚያዘው ጎራዴው ብቻ አይደለም።

እና ከገዛሽው አደራ፣ ለማንም “አብራልኝ” ብለሽ እንዳትሰጪ። ግራይንደር አንዴ ከነካው እድሜው አብሮ ይጠረጋል። ትንሽ የማሽን ዘይት፣ በጣም ደቃቅ የብረት ሱፍ፣ ቀስ ብሎ፤ ሌላ አያስፈልገውም።

ሾተሉ ላይ ጊዜ አላጠፋም። እውነተኛ ሾተል የጠላትን ጋሻ ዞሮ እንዲመታ ነው እንደዚያ የቆለመመው፤ ሚዛን አለው። ያንቺው ግን ግድግዳ ላይ እንዲሰቀል የተሠራ ነው። የግራይንደር ጭረት ከዳር እስከ ዳር ይታያል። እጀታው ከስለቱ የሚገናኝበት ቦታ ላይ ደግሞ የብየዳ ጠብታ ቀርቷል፤ የበየደው ልጅ መፋቅ እንኳ ሰንፏል። ለጌጥ ካማረሽ በጌጥ ዋጋ ግዢው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ሦስተኛውን ፎቶ “አክስቴ ጓዳ ውስጥ አገኘሁት፣ ይሄ እንኳ ምንም አያወጣም መሰለኝ” ብለሽ ነው የላክሽው። ሚጣዬ፣ ከሦስቱ እኔን ያስነሳኝ እሱ ነው።

ቢላው የአያትሽ ነው። እስኪ እንደገና እዪው። አፉ እጀታው ሥር ሰፊ ነው፤ ከዚያ ወደ ውስጥ ይጎድልና እንደገና ጫፉ ላይ ይወጣል። ተሠርቶ ሲወጣ እንደዚያ አልነበረም። ድንጋይ ላይ ለዓመታት ሲሳል ሆዱ ያለቀ ነው። ጀርባውን ደግሞ ከላይ ወደ ታች እዪው። እጀታው ጋ ወፍራም ነው፤ ወደ ጫፉ ሲሄድ እየሳሳ ይመጣል። ከላሜራ ተቆርጦ የሚወጣ ርካሽ የፋብሪካ ቢላ ከሥር እስከ ጫፍ ውፍረቱ አንድ ነው። ጀርባው ላይ ያለው ትንሽ ትንሽ ጎድጓዳም የመዶሻ ምት ነው፤ በሞረድ ሳይጠፋ የቀረ። መስፍ ላይ የተቀጠቀጠ ነገር በዚህ ነው የሚታወቀው።

ጥቁር ሰማያዊ መልኩን ቆሻሻ መስሎሽ በሽቦ እንዳትፈትጊው። የማይዝግ ብረት ያልሆነ ቢላ ጥሬ ሥጋና ሽንኩርት ሲቆርጥ ሲኖር የሚያወጣው መልክ ነው፤ ከዝገትም ትንሽ ይከላከልለታል። በነገራችን ላይ ማግኔት ይዘሽ ገበያ እንዳትሄጂ። አብዛኛውን የማይዝግ ቢላም ማግኔት ይስበዋል። ሎሚ ቀብተሽ ጥቂት ደቂቃ ብትጠብቂ ይሻላል፤ ከጠቆረ ተራ የካርቦን ብረት ነው።

ከሁሉም የሚገርመው ግን እጀታው አጠገብ፣ በሁለቱም ጎን፣ ሰያፍ የሆኑ ደቃቅ መስመሮች አሉ። ወንድምሽ “ጭረት ነው” አለ። ጭረት እንዲህ በእኩል ርቀት አይሰለፍም። የሞረድ ጥርስ ነው! አንጥረኛው ያለቀ ሞረድ አግሎ ቀጥቅጦ ነው ቢላ ያደረገው፤ ጥርሱ ሁሉ ተደፍጥጦ እዚያ ጋ ብቻ ቀርቷል። ሞረድ ውስጥ 1 በመቶ አካባቢ ካርቦን አለ። ለዚህ ነው አያትሽ አንዴ ከሳለችው በዓል እስከ በዓል የሚበቃት። የዚያኑ ያህል ደግሞ ተሰባሪ ነው። በዚህ ቢላ አጥንት የነካ ሰው ምን ይወርድበት እንደነበር አክስትሽን ጠይቂያት።

የዛሬዎቹ አንጥረኞች የሚወዱት ባሌስትራ፣ መኪና ሥር ተደራርቦ የሚታሰረውን የብረት ቅጠል ነው። ይሄንን ከእኔ በላይ የሚነግርሽ የለም፤ ዕድሜዬን የፈጀሁት ባሌስትራ ቤት ነው። አዳማ የጅቡቲ መስመር መኪና ማደሪያ ስለሆነች የተሰበረ ባሌስትራ ሞልቷል። የተሳቢ ቅጠል ሲሰበር አንጥረኞቹ በኪሎ ይወስዱታል። ካርቦኑ ግማሽ በመቶ ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ነው፤ እንደ ሞረድ አይሰበርም፣ ስለትም ይይዛል። ግን የተሰበረ ብረት ሌላም ቦታ ላይ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ሊኖረው ይችላል። ጎበዝ አንጥረኛ ከስብራቱና ከመሐለኛው ቡሎን ቀዳዳ ርቆ ነው የሚቆርጠው። ከፌሮ፣ ከግንባታ ብረት፣ የተሠራ ቢላ ግን አትንኪ። ካርቦኑ ትንሽ ስለሆነ አፉ አንድ ዶሮ ሳይገነጥል ይተጣጠፋል። አንዳንዴ የፌሮው ሸንተረር እጀታው ሥር ቀርቶ ታገኚዋለሽ።

ብረቱ ጥሩ ስለሆነ ብቻም አይበቃም። ስለት የሚወጣው እሳቱ ላይ ነው። ወናፉ ሲነፋ ብረቱ ይቀላል፤ ከ770 ዲግሪ በላይ ሲደርስ ማግኔት አይስበውም። ከዚያ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው የተቃጠለ ዘይት ውስጥ የሚነከረው። ያን ጊዜ ጠንካራ ግን ተሰባሪ ይሆናል። መልሶ በቀስታ 200 ዲግሪ አካባቢ ሲሞቅ ነው የሚረጋው፤ የጠራው ቦታ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ያወጣል። ሰማያዊ ካወጣ 300 ደርሷል፤ ለባሌስትራ እንጂ ለቢላ አይሆንም። ጠዋት ጠዋት በየሰፈሩ “ቢላ የሚሳል!” እያሉ በማሽን የሚስሉት ልጆች ቢላ የሚያበላሹት በዚህ ነው። አፉ ላይ ሰማያዊ ጥላ ካየሽ ተቃጥሏል፤ ያ ቦታ እስኪያልቅ ድረስ ስለት አይይዝልሽም።

አንድ ነገር ሁሌም ያናድደኛል። የጀርመኑ ፋብሪካ ስሙን ስለቱ ላይ መትቶ ይልካል፤ እኛም በማጉያ እያየን እናደንቃለን። የእኛ አንጥረኛ ብዙውን ጊዜ ስሙን አይመታም። እንዴት ይምታ? ጠይብ እየተባለ፣ ቡዳ እየተባለ የኖረ ሰው ነው። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። አዋጁ ወጣ፤ ስድቡ ግን ስንት ዘመን ቆየ። ዛሬም “የአድዋ ነው” ለተባለ ብረት ደሞዙን የሚያፈስ ሰው፣ ፊቱ ላይ እያላበው ለቀጠቀጠለት አንጥረኛ መቶ ብር ቀንስ ብሎ ግማሽ ቀን ይከራከራል። አንቺም ገዝተሽ ስትሸጪ ወረቀቱ ላይ “ባህላዊ ቢላ” ብለሽ ብቻ አትለፊው። ፈቃዱን ጠይቀሽ የሠሪውን ስም፣ ከተማውን፣ ከምን እንደሠራው ጻፊ። እኔ ብሆን ስሙን የሚመታበት ማኅተም እንዲያሠራ ግማሹን ወጪ እችልለት ነበር።

እንግዲህ እንዲህ እናድርግ። የጎራዴውን ሥር ፎቶ እስከ ቅዳሜ ላኪልኝ። ሻጩ እጁን አላነሳም ካለ፣ ወይም “ሌላ ገዢ ቆሞ እየጠበቀ ነው” ብሎ ካጣደፈሽ፣ ይሸጥለት። ቀብድ እንዳትሰጪ። ሾተሉን እርሺው። የአያትሽን ቢላ አክስትሽን አስፈቅደሽ፣ በካርቶን ጠቅልለሽ፣ እሑድ ለሚመጣው ለአጎትሽ ልጅ ስጪው፤ አውቶቡስ ላይ ለማያውቁት ሰው ስለት አይሰጥም። እጀታው ስለላላ ወይራ አስገባለታለሁ። እናትሽ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅታልሻለች፤ ያው ልጅ ሲመለስ ይዞልሽ ይመጣል፤ ዕቃውን ባዶ እንዳትመልሺ ብላለች።

አባትሽ
አዳማ