የጎረቤት ውሻ አይደለችም

ፍራንክፈርት

ይድረስ ለእህት ዓለም፣

እንዴት ከርመሻል? የእማዬ ጉልበት እንዴት ሆነላት? ልጆቹስ? እኛ ደህና ነን ብዬ እንዳልጀምር፣ ዘንድሮ በስልክ የነገርኩሽ ብዙው ውሸት ነው። ደብዳቤ የምጽፈውም ለዚሁ ነው። በስልክ ከሆነ ድምፄ ያጋልጠኛል።

ከቀላሉ ልጀምር። የእንቁጣጣሽ ዕለት ስትደውሉ የሰማችሁትን ጩኸት «የጎረቤት ውሻ ነው» ብዬሽ አልነበር? የእኛ ናት። የምትኖረውም ቤት ውስጥ ነው። አዎ፣ ሳሎን።

ከባዱ ደግሞ ይኸው። ባለቤቴ ታሟል። የትልቁ አንጀት ካንሰር ነው። ከፋሲካ በፊት ቀዶ ጥገና ተደረገለት፣ አሁን ኬሞ የሚሉት የመድኃኒት ሕክምና ላይ ነው። በየ14 ቀኑ፣ በጠቅላላው 12 ጊዜ። 8ቱን ጨርሷል። ወጪውን ኢንሹራንስ ይሸፍነዋል፤ ስለ ገንዘብ አትጨነቁ። መድኃኒቱን ቀስ እያለ የሚሰጠውን ትንሽ ፓምፕ ታጥቆ ይመጣና 46 ሰዓት ቤት ይቆያል። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ቀን ቀዝቃዛ ነገር መንካት አይችልም። ጣቱን እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝረዋል። ፍሪጅ የሚከፍተው የሱፍ ጓንት አድርጎ ነው። መጀመሪያ ሳየው ሳቄ መጣ። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ውሻ ለመውሰድ የተመዘገብነው ሳይታመም በፊት ነበር። ከውሾች መጠለያው የተደወለው ኬሞው ሊጀመር ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። እኔ «ይቅርብን» አልኩ። እሱ «ሁሉም ሰው እኔን ሲንከባከብ ሊውል ነው፤ እኔም የምንከባከበው ይኑረኝ» ብሎ ድርቅ አለ። ድርቅ ካለ እንደማይመለስ ታውቂያለሽ።

የሮማኒያ የጎዳና ውሻ ናት። ፓስፖርት አላት ብልሽ ታምኛለሽ? ሰማያዊ፣ ክትባቷ የተመዘገበበት። እኔ ለአንዲት ወረቀት ስንት ዓመት እንደተንከራተትኩ! ለማዘጋጃ ቤትም በየዓመቱ ግብር ይከፈልባታል። ጥቁርና ነጭ ስለሆነች ጉሬዛ አልናት። የሐዋሳ ሐይቅ ዳር ጉሬዛዎች ትዝ ብለውን ነው።

የመጀመሪያውን ሳምንት ከሶፋው ጀርባ አልወጣችም። የምትበላው እኛ ስንተኛ ብቻ ነው። አንድ ቀን የጫማዬን ክር ላስር ጎንበስ ስል መሬት ላይ ልጥፍ አለች፣ ሽንቷም አመለጣት። ድንጋይ የማነሳ መስሏት ነው። አሞራ ገደል ዓሣ ስንገዛ የሚከተሉንን ውሾች ታስታውሻለሽ? ጎንበስ ማለት ብቻ ይበቃን ነበር። ድንጋይ ባይኖርም ይበተናሉ። እኔም ስንት ጊዜ አድርጌዋለሁ። አንቺማ ስትወረውሪ አትስቺም ነበር።

ውጪ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ውሻ ወይም ኮፍያ ያደረገ ወንድ ካየች ገመዷን እየጎተተች ሰፈሩን ታናውጠዋለች። ከክፋት አይደለም፣ ከፍርሃት ነው፤ «አትጠጉኝ» ማለቷ ነው። ብትቆጫት ይብስባታል። የማትጮህበትን ርቀት ትፈልጊያለሽ፣ ከዚያ ሆና ሌላውን ውሻ ባየች ቁጥር ቶሎ ብለሽ የተቀቀለ ዶሮ ታጎርሻታለሽ። እያደር ትንሽ ትንሽ ትጠጊያለሽ። ዛሬ መንገድ ማዶ ያለ ውሻ አይታ ዝም ትላለች። ሁልጊዜ ግን አይደለም። የማወጣት በእኛ አቆጣጠር ሌሊት 11 ሰዓት ነው፣ መንገዱ ጭር ሲል። እንቅልፍ እንደሆነ የለኝም።

እሱ ግን በለጠኝ፣ ያውም ምንም ሳያደርግ። አቅም ስለሌለው ብርድ ልብስ አንጥፎ ወለሉ ላይ ጀርባውን ሰጥቷት ይቀመጣል። አያያትም፣ አይጠራትም፣ ፈጥኖ አይነሳም። አልፎ አልፎ ቁራጭ ዶሮ ወደ ኋላ ይወረውራል። ለፈራ ውሻ ለካ ከዚህ የተሻለ ሰው የለም። በ3ኛው ሳምንት አንድ ቀን ከኩሽና ስወጣ አፍንጫዋን ክርኑ ላይ አሳርፋለች። እንዳትደነግጥ ብሎ ሳሉን አፍኖ ተቀምጧል። ዓይኑ ብቻ ወደ እኔ ዞረ።

ያስቸገረን ጠያቂ ነው። እግዜር ይስጣቸውና ድስት ይዘው ስምንት ሆነው ይመጣሉ። እሷ ደግሞ በር ሲንኳኳ ታብዳለች። የአንዱን ሱሪ ቀደደችበት፤ ተመስገን፣ እግሩን አልነካችውም። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲመጣ አፏ ላይ መከለያ እናደርጋለን። ውስጡን ጉበት እየቀባን ነው ያስለመድናት፣ አሁን ራሷ አፏን ትከትበታለች። ጠያቂውም ስልክ መደወል ጀመረ። ባለቤቴ በሆዱ ደስ ብሎታል። «ታምሜም አስተናጋጅ ነበርኩ» ይላል። ይህን ለማንም እንዳትነግሪ።

ለእማዬ ግን አንቺ ንገሪያት። መጀመሪያ የውሻዋን። «ጸበል በሚረጭበት ቤት ውሻ!» ብላ ትቆጣለች። ትቆጣ። ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ሌላውን ትነግሪያታለሽ። ቁልቢ ካልሄድኩ ካለች እሺ እንዳትያት፣ በዚያ ጉልበቷ ያን ሁሉ መንገድ አትችልም። ገብርኤል እዚያው ሐዋሳ አለ፣ በባጃጅ አድርሻት።

የሚቀጥለው ኬሞ ሐሙስ ነው። ቅዳሜ ፓምፑ ይነቀልለታል፣ ያኔ ደውሉ። ጉሬዛ ብትጮህም ስልኩን እንዳትዘጉት።

እህትሽ